እህቴ ኸዋጃውን የመረቀች ቀን

ከሰማይ የዘለልኩት በምላሴ ጦስ ነው። ድፍረት አይደለም፣ ስፖርት መውደድም አይደለም፤ ምላሴ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ያስባረረችኝ እሷ፣ ካርቱም ከገባሁ ወዲህ ከስራ ስታስወጣኝ የኖረችውም እሷ፣ በመጨረሻ ደሞ አንስታ አውሮፕላን ላይ የሰቀለችኝ እሷው ናት።

ያኔ አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፈር መኪና አጥብ ነበር። ጦርነቱ አልመጣም፤ ከተማዋ ገና በቦታዋ ነበረች። ቤቴ ማዮ፣ ስራዬ አል-ሳሃፋ፣ ንዴቴ በሁለቱ መሀል ባለው መንገድ ላይ። በምን ተናደህ ነው ብትሉኝ በሁሉም ነው። በአቧራው፣ በፖሊሱ፣ "ያ ሐበሺ!" እያለ እንደ ድመት በሚጠራኝ ሁሉ።

አንድ ደንበኛ ነበረን፤ ሽቶው ከመኪናው ቀድሞ የሚደርስ የካፉሪ ልጅ። ካፉሪ ከወንዙ ማዶ ያለ የሀብታም ሰፈር ነው። አጥሩ ረጅም፣ ግቢው ሰፊ፣ በየግቢው ደሞ አንዲት የወሎ ልጅ ወለል ትወለውላለች። እዚህ ልጅ ቤት የምትወለውለው ታላቅ እህቴ ነበረች። ስለዚህ እኔ መኪናውን ሳጥብ እሱ እሷ ያጠበችውን ሸሚዝ ለብሶ አጠገቤ ይቆማል። የቤተሰብ ስራ በሉት።

አንድ ቀን ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ሰው ከአውሮፕላን ይወድቃል፤ ደረቱ ላይ ሌላ ሰው ታስሯል።

"አርብ ይሄ እኔ ነኝ" አለኝ።

"የቱ? የታሰረው ነው ያሰረው?"

"የታሰረው። ጀማሪ ብቻውን አይዘልም፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ታስሮ ነው።"

"አንተ? ከመኪና ስትወርድ እኔ ነኝ በር የምከፍትልህ። እዛ ላይ ማን ሊከፍትልህ ነው?"

አለቃዬ ከኋላ ሳቁን ዋጠው። ልጁ ግን አልተቆጣም። ይሄ ነው የሚያበሳጨኝ። ሰው ሲሰደብ ይቆጣ እንጂ! ሰደቡኝ ብሎ የማይቆጣ ሰው ስድብህን ኪሱ ከቶ ነው የሚሄደው።

ከዚያ በሳምንቱ አጋማሽ ተመልሶ መጣ፤ ፊቱ ወድቋል። እናቱ ሰምታለች። "ሪዳ አልሰጥህም" ብላዋለች። ሪዳ ማለት የወላጅ ይሁንታ ነው፤ እነሱ ዘንድ ያለ እናት ሪዳ የተሰራ ነገር አያምርም።

"ፈራሁ በላ!" አልኩት።

"ወላሂ አልፈራሁም። እናቴ እምቢ ካለች ግን አልችልም።"

"ጢም አለህ፣ መኪና አለህ፣ እናትህ እምቢ ካለች ግን ከመሬት አትነሳም?"

"አንተ ብትሆን ትዘላለህ?"

"አሁን! በዚህ ቦቲ!"

"ኻላስ" አለኝ፤ አለቀ ማለቱ ነው። "ቦታዬ ያንተ ነው። አርብ ጠዋት መጥቼ እወስድሃለሁ።"

አለቃዬ የዋጠውን ሳቅ ያኔ አወጣው። ጎማ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። እኔም ቱቦውን ይዤ ቆምኩ፤ ውሃው ቦቲዬ ውስጥ እየገባ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ማንንም የምሰማ ሰው አይደለሁም። ያደግኩበት ቤት ግን ሰው ሳይመረቅ ከደጃፍ አይወጣም። ገበያ ሂድ፣ እንጨት ልትለቅም ሂድ፣ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ "ወጥተህ ግባ፣ ክፉ አይይህ፣ የሄድክበት ይቅናህ" ይልሃል። አሚን ትላለህ። አናትህ ላይ እንትፍ እንትፍ ይልብሃል፣ ከዚያ ትሄዳለህ። ምራቁ ካልነካህ አልተመረቅክም። እናታችን ከሞተች ወዲህ ይሄ የእህቴ ስራ ነበር። ደሞ ስትችልበት! ጎረቤት ሳይቀር ልጁን እያመጣ ያስመርቃት ነበር።

ነበር የምለው ስላቆመች ነው። በእሷና በእኔ መሀል አንድ ወንድም አለን። ካርቱም ድረስ አብሮን መጣ፣ ከዚህ ወደ ሊቢያ ተነሳ። የተነሳ ቀን በር ላይ ቆማ ረጅሙን ምርቃት መረቀችው። በረሃውን፣ ጥሙን፣ ሽፍታውን፣ ባህሩን ሁሉ እየጠራች፣ አንድም ሳታስቀር። ሄደ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም። ሞቷል የሚልም የለም፣ አለ የሚልም የለም። እሷም "ከእንግዲህ ለሚሄድ ሰው አፌን አልከፍትም" አለች፤ አልከፈተችም። ማዮ መጥታ ካደረች ጠዋት ስራ ልሄድ ስነሳ "እሺ" ብቻ ትለኛለች። ሰው ወንድሙን "እሺ" ብሎ ይሸኛል? በዚህም ተናድጄባታለሁ። ሳልመረቅ አል-ሳሃፋ ድረስ መሄድ ለምጄ ነበር። ሳልመረቅ ከሰማይ መውረድ ግን አልጣመኝም።

ሐሙስ ካፉሪ ሄድኩ። በጓሮ በር ወጣች፣ ክንዷ ላይ የሳሙና አረፋ።

"እትዬ፣ ነገ ልሄድ ነው።"

"የት?"

"ወደ ላይ።"

"ወደ ላይ ማን አለህ?"

"ማንም። በአውሮፕላን ወጥቼ ልዘል ነው።"

ቆማ አየችኝ። "ስንት ይከፍሉሃል?"

"አይከፍሉኝም። ሰው እንደውም ራሱ ከፍሎ ነው የሚዘለው።"

"እኔ የፎቁን መስኮት ስወለውል እንዳልወድቅ ስንት ዱዓ አደርጋለሁ፣ እነሱ ከፍለው ይወድቃሉ?" ሳቋ መጣ። ሳቋ እንደመጣ አየሁና ቶሎ ብዬ፣

"መርቂኝ" አልኳት።

ሳቋ ሄደ። "የሚሄድ ሰው አልመርቅም። ታውቃለህ።"

"እና አትሂድ በይኛ!"

"አልልህም። አትሂድ ብዬ የቀረልኝ ሰው የለም።"

"እና ምን ልሁን?"

"እሺ" አለችና በሩን ዘጋችው።

"ሳትመርቂኝም እዘላለሁ!" ብዬ በብረቱ በር ላይ ጮህኩ። ዘበኛው ዱላ ይዞ ሲመጣ ሮጥኩ።

አርብ ጠዋት ልጁ በቃሉ መጣ። ከካፉሪ ወደ ምስራቅ፣ የላም እርባታዎቹን አልፎ፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ነው። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን፣ አንድ ድንኳን፣ ቀዝቃዛ ንፋስ። የብርዱ ወራት ስለነበረ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ከዚያ ኸዋጃው መጣ። ኸዋጃ የሚሉት ነጭን ነው። ይሄኛው ጢሙ ቀይ፣ ትከሻው የፍሪጅ ያህል። አረብኛውን ከባህረ ሰላጤው አገሮች ለቅሞታል፤ እኔ ከምሰባብረው በላይ ይሰባብረዋል፣ ያ ደስ አለኝ። ቀበቶ አለበሰኝ፣ በጭኔ፣ በደረቴ፣ በትከሻዬ አጠበቀው። መሬት ላይ በሆዴ አስተኝቶ አሰለጠነኝ፦ ስንወጣ ጭንቅላት ወደ ኋላ፣ እግር ከኋላ እጥፍ፣ ስናርፍ እግር ወደ ላይ። በቃ። ለዚህ ነው ሰው የሚከፍለው?

"ያላ" አለ። እንሂድ።

እኔ አልተንቀሳቀስኩም።

ፍርሃት አልነበረም። ፍርሃትን አውቀዋለሁ፤ ፍርሃት ሲይዘኝ እሮጣለሁ። ይሄ አናቴ ላይ ነው። አናቴ ደረቀብኝ። ያ ሁሉ ቀበቶ ታስሮብኝ ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"ምን ሆነ?" አለ ኸዋጃው።

የካፉሪው ልጅ እኔን አየ። መቼም አሁን ይበቀለኛል፣ "ፈራሁ በላ!" ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ተነስቼ ያለ አውሮፕላንም እዘል ነበር። እሱ ግን ጎኔ ቁጢጥ ብሎ፣ "እህትህ ናት አይደል?" አለኝ። ለካ በጓሮ በር ላይ የጮህኩትን ግቢው ሙሉ ሰምቶታል።

በዚህ መሀል ትልቅ መኪና አቧራ እያስነሳ መጣ። ሹፌሩ ከፊት፣ ከኋላ እናትየው፤ ሐጃ ነው የሚሏት። ልጇ ተደብቆ እንዳይዘል ልትጠብቅ መምጣቷ ነው! ከጎኗ እህቴ ተቀምጣለች፤ ሻይ ልታቀርብ ነው የመጣችው፣ ቴርሞስ አቅፋለች። ሐጃ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ልጇን መጀመሪያ ቆጠረችው፤ እጅ እግሩን። ቀበቶ እንዳላሰረ ካየች በኋላ ወደኔ ዞረች።

"ይሄ ለምንድን ነው መሬት ላይ የተቀመጠው?"

ልጁ ነገራት። ሐጃ ወደ እህቴ ዞረች።

"እናቱ ማን ናት?"

"ሞታለች፣ ሐጃ። እኔ ነኝ ያሳደግኩት።"

"እንግዲያው እናቱ አንቺ ነሽ። ወይ ከልክይው እንደኔ፣ ወይ መርቂው። ዝም ብሎ ሰው ይሸኛል? እኔ ልጄን እምቢ አልኩት፣ ተቀይሞኛል፣ ግን ቁርጡን አውቋል። ያንቺን እይው!"

ኸዋጃው ሰዓቱን አየ። አብራሪው ከአውሮፕላኑ ውስጥ ጮኸ። እህቴ ከመኪናው ወረደች፣ ቴርሞሱን ለሹፌሩ ሰጠችው። ወደኔ መጣች፣ ቀበቶዬን አንድ በአንድ ጎተት ጎተት እያደረገች ፈተሸችው።

"ከማን ጋር ነው የሚያስሩህ?" በአማርኛ።

በአገጬ አሳየኋት።

"በጀርባው ነው የሚያዝልህ?"

"አይ፣ በፊቱ። ደረቱ ላይ ነኝ።"

"ልጅ በጀርባ ነው የሚታዘለው! ይሄ አንቀልባ አያውቅም እንዴ? ጠይቅልኝ፣ ለምን በፊቱ?"

ተረጎምኩ። ኸዋጃው ሳቀና፣ "እንዲያይ ነዋ! አገሩን እንዲያይ" አለ።

"ባያይ ነው የሚሻለው" አለች እህቴ። ከዚያ ቀና ብላ ኸዋጃውን አየችው። ብዙ አየችው፤ ጢሙን፣ እጁን፣ ጫማውን። "ገመዱን የሚስበው እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

"የሚያወርድህ እሱ ነው?"

"አዎ እትዬ።"

"የሚሄድ አልመርቅም ብያለሁ። ቃሌ ቃል ነው፣ አላፈርሰውም።" ነጠላዋን አስተካከለች። "የሚመልሰውን አልመርቅም አላልኩም። ጎንበስ በል በለው።"

"ጎንበስ በል" አልኩት።

"ለምን?" አለ።

"ጎንበስ በል፣ ትልቅ ሴት ናት።"

ጎንበስ አለ። እህቴ እጇን ዘረጋች፣ አይኗን ጨፈነች። ከዚያ ያ የተዘጋ አፍ ተከፈተ። ወላሂ እላችኋለሁ፣ ዝገት የለበትም። "እጅህ አይዛል፣ አይንህ አይፍዘዝ፣ ገመድህ አይበጠስ፣ ንፋሱ ይታዘዝህ፣ የያዝከውን አትጣል፣ የሰው አደራ አትብላ፣ እናትህ ትይህ፣ እንደወጣህ ግባ፣ የወንድሜን አጥንት እንደ እንቁላል ይዘህ አውርድ!" እኔ በየመሀሉ "አሚን፣ አሚን" እላለሁ። የካፉሪው ልጅ ተቀበለኝ። ሹፌሩ ተቀበለ። ሐጃ ከመኪናው ውስጥ ትርጉሙን ሳታውቅ ከሁላችንም ጮክ ብላ "አሚን!" አለች። መጨረሻ ላይ እህቴ እንትፍ! እንትፍ! ቀዩ ጢም ላይ ጠብታው አበራ።

ኸዋጃው ቀና አለ። ሊጠርገው እጁን አነሳ።

"እንዳትነካው!" ብለን አራታችንም ጮህንበት።

አልነካውም። እንደዛው ይዞት አውሮፕላን ገባ።

ሽቅብ ስንወጣ መሬቱ ወደ ታች ሄደ። እኔ የፈረደብኝ ኸዋጃው ጉልበት መሀል ተቀምጫለሁ፣ እንደ ህፃን። ንዴቴ መጣ፤ ሰው በዚህ እድሜው ይታቀፋል? በሩ ተከፈተ። ንፋሱ ገባ፣ እንዳልሰለጠነ እንግዳ፣ ሳያንኳኳ። ኸዋጃው እግሬን ወደ ውጭ አወጣኝ። ከቦቲዬ በታች ምንም የለም። ልጠይቀው ነበር፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ልለው ነበር፣

ወጣን።

የመጀመሪያዋ ሰከንድ ላይ ሆዴ ከላይ ቀረ፣ እኔ ከታች ቀደምኩት። ከዚያ መውደቅ አይመስልም። ወላሂ አይመስልም። ንፋስ ላይ መተኛት ነው፤ ከስርህ ፍራሽ የሚያክል ጩኸት አለ። ጉንጬ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። እኔ ደሞ አፌን ከፈትኩ። መሳደብ ጀመርኩ! ያ ሐበሺ ያሉኝን፣ ያባረሩኝን፣ መታወቂያ እያሉ ኪሴን የፈተሹትን፣ ከማዮ በጠዋት ጥሎኝ የሚሄደውን የአውቶቡስ ረዳት፣ ከሰባተኛ ክፍል ያስወጣኝን ዳይሬክተር፣ ሁሉንም በየስማቸው። ማን ይሰማኛል? ንፋሱ ስድቡን ከአፌ ገና ሳይወጣ ይቀማኛል። ተሳደብኩ፣ ተሳደብኩ፣ ከዚያ አለቀ። በህይወቴ ስድብ አልቆብኝ አያውቅም። አፌ ተከፍቶ ቀረ፤ ውስጡ ነፋስ ብቻ። እና ሳቅ መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ እንደ ስርቅታ መጣ፣ አላቆም አለኝ።

ጠብ! ወደ ላይ ጎተተን። ጃንጥላው ተከፈተ፣ ጩኸቱ ጠፋ። ዝምታ። ጭንቅላቴ ላይ ጨርቅ ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል።

"እይ" አለኝ ኸዋጃው ጆሮዬ ስር።

አየሁ። ሁለቱ ወንዞች ተኝተዋል። ነጩ አባይ ሰፊ፣ ሰነፍ፣ ወተት የተደፋበት ይመስላል። የኛው፣ ከጣና የሚወጣው፣ ቀጠን ብሎ ጠቆር ብሎ ከምስራቅ ይመጣል። የተገናኙበት ጋ ቶሎ አይቀላቀሉም፤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ እንደ ተኮራረፉ ባልና ሚስት፣ መሀላቸው መስመር ተሰምሮ። መገናኛቸው ላይ ያለችው ደሴት አረንጓዴ። ድልድዮቹ ሰው የረሳቸው የፀጉር ማስያዣ ይመስላሉ። ከዚያ ወዲያ አሸዋ፣ አሸዋ፣ እስከ አለም ጫፍ። ካፉሪ እግሬ ስር ናት፤ የዋና ገንዳዎቿ እንደ ተበተነ ሰማያዊ ጠጠር። ማዮን ፈለግኩ። ወደ ደቡብ አጮለቅኩ፣ አጮለቅኩ፣ አቧራ ብቻ። ማዮ ከላይም አቧራ ናት! ይሄም አሳቀኝ።

ኸዋጃው ሁለቱን ገመዶች አስጨበጠኝ። ግራውን ሳብኩ፣ አለም ወደ ግራ ዞረች። ቀኙን ሳብኩ፣ ወደ ቀኝ። እኔ ስል ነው! መኪና እንኳን ተነድቶልኝ እንጂ ነድቼ አላውቅም፣ ካርቱምን ሙሉ እያዞርኳት ነው።

ዝቅ እያልን ስንመጣ ሜዳው ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ብቻዋን አየሁ። ከመኪናው ርቃ፣ ከድንኳኑ ርቃ፣ ቀና ብላ። እኛ ወደ ግራ ስንሄድ ወደ ግራ ትሮጣለች፣ ወደ ቀኝ ስንሄድ ወደ ቀኝ። ብንወድቅ ልትቀልበን ነው። እህቴ፣ ሁለት ሰው፣ በነጠላ!

"እትዬ! ዞር በይ!" ብዬ ጮህኩ።

"እግር ወደ ላይ!" አለ ኸዋጃው። እግሬን አነሳሁ፣ በቂጣችን አርፈን አሸዋውን አረስነው፣ ሱሪዬ ውስጥ ግማሹ ሜዳ ገባ። ገና ሳንፈታ ደረሰች። እኔን አላቀፈችኝም። ኸዋጃውን ነው ያቀፈችው! ጢሙን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩን ሳመችው። ቀጥላ እኔን አገኘች፤ ጆሮዬን፣ አንገቴን፣ ጉልበቴን ነካካች፣ ሐጃ ልጇን እንደቆጠረችው አንድ በአንድ።

"ሙሉ ነህ" አለች።

"ሙሉ ነኝ።"

"ምን ያስቅሃል?"

"አላውቅም።"

እሷም ሳቀች። ምን እንደሚያስቃት አላውቅም። አሸዋው ላይ ተቀምጠን፣ ኸዋጃው ገና እኔ ላይ እንደታሰረ፣ ሶስታችንም ሳቅን።

ኸዋጃው ቀጣዩን ሰው ይዞ ሊወጣ ሲል ወደ ድንኳኑ መጣ፣ እህቴ ፊት ቆመ፣ ሳይነገረው ጎንበስ አለ። ሐጃ ሻይዋን ፉት እያለች "ይሄማ ለምዷል" አለች። እህቴ መረቀችው፤ ከእሱ ጋር የታሰረውን የማታውቀውን ሱዳናዊ ግን በጥንቃቄ ዘለለችው።

ከሰዓት በመኪናው አደረሱኝ፤ ወደ ማዮ የሚሄደው አውቶቡስ የሚቆምበት ጋ ወረድኩ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። ከአንድ ቦታ በስተቀር ሞልቷል። ሮጬ ልይዘው ስል ከኋላዬ የመኪናው በር ተከፈተ።

"ና ወዲህ" አለች እህቴ።

"እትዬ፣ አውቶቡሱ…"

"ና አልኩህ።"

መጣሁ። እጇን ዘረጋች። አንገቴን ደፋሁ።

"ወጥተህ ግባ" ብላ ጀመረች። ድምጿ ሜዳው ላይ እንደነበረው አልነበረም፤ ቀስ እያለች ነው፣ እንደ ሞቀ ነገር እየቀመሰች። "ክፉ አይይህ። መንገዱ ይጠረግልህ። የሄደ ይመለስልኝ፣ ያለ ይቆይልኝ…"

ሐጃ ከውስጥ "አሚን!" አለች። ልጇም። ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴትም ሳትጠየቅ "አሚን" አለች።

"ያ ሐበሺ! ትገባለህ አትገባም?" ጮኸ ረዳቱ።

እህቴ በምርቃቷ ገና አስፋልቱ ላይ ነበረች፤ ድልድዩም፣ ፖሊሱም፣ የማዮ ጨለማም ይቀራታል። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ። አንገቴን ሳላቀና ረዳቱን በእናቱ ሰደብኩት።

እህቴ በሌላኛው እጇ ማጅራቴን በጥፊ አለችኝ። "አሚን በል!"

"አሚን" አልኩ።